በበረዶ ወራት ስፖርት ሞተርን ቤት ውስጥ ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት ስል የሐምሌውን ዝናብ ሳይሆን የአሜሪካውን በረዶ ማለቴ ነው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚነዱ ወገኖች በየዓመቱ የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ፣ ለምሳሌ የምወስደውም ራሴ የምነዳውን ያማሃ አር6 ሞተር ሳይክል ነው።

ሞተሬን መፍታት ከመጀመሬ በፊት ለቅዝቃዜው ምን ላድርግለት?

መጀመሪያ እጠቡት፣ በደንብም አድርቁት። መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ብሎኖቹ ላይ ከቀረ እስከ መጋቢት ድረስ ሲበላቸው ይከርማል። ታንከሩን ሙሉት። ቤንዚኑን ከመበላሸት የሚያቆየውን ፈሳሽ ጨምሩበትና ደጅ አውጥታችሁ ኢንጂኑን አሥር ደቂቃ ያህል አስነሱት። ፈሳሹ እስከ ነዳጅ መርጫው መድረስ አለበት። ዘይቱንና ፊልትሮውን ደግሞ አሁኑኑ ቀይሩ። ያገለገለ ዘይት እርጥበትና አሲድ ይይዛል፤ ያንን ኢንጂኑ ውስጥ አራት ወር ማስቀመጥ አያስፈልግም።

ባትሪውን አውጥታችሁ ቤት አስገቡት። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ 12.8 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12.4 በታች ከወረደ ቻርጅ ይፈልጋል። የእናንተ ሊቲየም ከሆነ ለሊቲየም የተሠራ ቻርጀር ግዙለት፤ የሌላው አንዳንዱ ቻርጀር ባትሪውን ሊያበላሸው ይችላል።

ገንዘቤ ውስን ነው። ከምን ልጀምር?

ከጎማ፣ ከፍሬን፣ ከአሞርዛተር። ጉልበት መጨመር መጨረሻ ላይ ይምጣ። ይህን ስል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፣ ምክንያቱም ማርሚታ ይታያል፣ ይሰማል፤ የፍሬን ቱቦ ግን ማንም አያይላችሁም። ነገር ግን አር6 በ599 ሲሲ ኢንጂኑ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 14,500 ዙር አካባቢ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ስትመላለሱ እዚያ የምትደርሱበት አጋጣሚ የለም ማለት ይቻላል። ፍሬን ግን በየመብራቱ ትይዛላችሁ። በየኩርባው ደግሞ አሞርዛተሩ ላይ ትተማመናላችሁ።

ሌላው ምክሬ ለአንድ ክረምት አንድ ዋና ሥራ ብቻ መያዝ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሞተሩን እስከ አጥንቱ ፈትቶ ሚያዝያ ላይ በካርቶን የያዘ ወዳጅ አለኝ። ያን ዓመት አንድም ቀን አልነዳም። የጎደለው እውቀት አልነበረም። አምስት ሥራ አንድ ላይ ጀምሮ የአንዱ ዕቃ ሲዘገይ ሌሎቹ ሁሉ አብረው ቆሙበት። አንዱን ጨርሱ፣ ግጠሙ፣ ከዚያ ሌላውን ክፈቱ።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ከሁሉ በፊት የሞተራችሁን የሰርቪስ ማንዋል ያዙ። እያንዳንዱ ብሎን ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት እዚያ ተጽፏል። ቀጥሎ ማጥበቂያውን የሚለካ ቁልፍ ነው፤ እዚህ ቶርክ ሬንች የሚሉት። ሁለት ቢሆን ጥሩ ነው፦ ትንሹ ከ5 እስከ 25 ኒውተን ሜትር፣ ትልቁ ከ20 እስከ 110 አካባቢ። ትልቁ ለትናንሾቹ ብሎኖች አይሆንም። ባለ 6 ሚሊ ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ሲገባ የሚበቃው 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በእጅ ግምት ያጠበቀ ሰው ጥርሱን ገፎት ያድራል።

ካቻቢቴ ላይ አንድ የማይነገር ነገር አለ። የጃፓን ሞተሮች ላይ ያለው ባለ መስቀል ቪስ ተራ መስቀል አይደለም፤ ጂስ የሚባል የጃፓን ልክ ነው። ተራው ካቻቢቴ ሲዞር ወደ ላይ ይገፋና የቪሱን ራስ ይበላዋል። የእኔ ሞተር የፍሬን ዘይት ዕቃ ክዳን ላይ ሁለቱንም ቪሶች እንዲህ ነው ያጠፋኋቸው፤ በመጨረሻ ሰርስሬ ነው ያወጣኋቸው። የጂስ ካቻቢቴ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ግዙት።

ማቆሚያውም ወሳኝ ነው። የኋላ ጎማ ለማውጣት የኋላ ስታንድ ይበቃል። የፊት ፎርኩን፣ ማለትም የፊት ጎማውን የሚይዙትን ሁለት ቱቦዎች፣ ልታወጡ ከሆነ ግን ከፎርኩ ግርጌ የሚያነሳው ስታንድ አይሠራም፤ የምታወጡት ዕቃ ላይ አቁማችሁት እንዴት ታወጡታላችሁ? ከመሪው አንገት ሥር ገብቶ የሚያነሳውን ዓይነት ፈልጉ።

ጋራዡ በጣም ይቀዘቅዛል። ኢንጂኑን እያስነሳሁ ብሞቅስ? ማሞቂያስ?

ኢንጂኑን ቤት ውስጥ በፍጹም አታስነሱ። አገር ቤት የከሰል ጭስ ስንት ቤተሰብ በተኛበት እንደወሰደ ሁላችንም እናውቃለን። ከማርሚታ የሚወጣውም ያው ጋዝ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። አይታይም፣ አይሸትም። በሩን ግማሽ ከፍቶ ማስነሳትም አያድንም። ጋራዡ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ጋዙ ልጆቻችሁ ወደሚተኙበት ክፍል ይገባል። ሞተሩን ገፍታችሁ ደጅ አውጡት፣ ከበሩም አርቁት። ጋራዡ ውስጥም ቤቱ ውስጥም የዚህን ጋዝ ማስጠንቀቂያ ስቀሉ።

ለሙቀት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሻላል። ቤንዚን ወይም የፍሬን ማጽጃ እየረጫችሁ ከሆነ ግን እሱንም አጥፉት። የውኃ ማሞቂያ ቦይለር ጋራዥ ውስጥ የሚገኝባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ እሳት አለው። የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ስለሚሄድ እሳቱ ሩቅ መስሎ አያዘናጋችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለትራክ የሚሆን በጣም የሚጣበቅ ጎማ ያላችሁ ሰዎች በበረዶ ወቅት ጎማውን አትጫኑት፣ አትጠፍጥፉትም። ላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ይደርቅና ሊሰነጠቅ ይችላል። ሞቅ ያለ ክፍል አስገብታችሁ አቆዩት።

ማርሚታ ብቀይር ጉልበት ይጨምራል?

የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ከቀየራችሁ ትንሽ ክብደት ይቀንሳል፣ ድምፁም ይለወጣል። ጉልበቱ ላይ ግን የምታስተውሉት ለውጥ አይኖርም። ከኢንጂኑ ጀምሮ ሙሉውን ከቀየራችሁ ኮምፒውተሩም አዲስ ልኬት ይፈልጋል። ከ2006 ጀምሮ የአር6 ጋዝ መስጫ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ስለሆነ ያንን ልኬት የሚሠራው ባለሙያ መሆን አለበት።

ሕጉንም እወቁ። በፌዴራል ሕግ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ለመንገድ ከተሠራ ሞተር ላይ ማንሳት ክልክል ነው። ከ1986 ጀምሮ የተመረቱ የመንገድ ሞተሮች የድምፅ ጣሪያቸው 80 ዴሲቤል ነው፤ ለመንገድ የተፈቀደ ማርሚታ ይህን የሚገልጽ ማህተም አለው። "ለውድድር ብቻ" የሚል ከሆነ ቦታው ትራክ ነው። ጎረቤትም አለ፤ እሑድ ጠዋት በ12 ሰዓት ከቤት የሚወጣ ሰው ሰፈሩን ሁሉ መቀስቀስ የለበትም።

የፍሬን ቱቦ በራሴ መቀየር እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ግን ተረጋግታችሁ። የፋብሪካው ላስቲክ ቱቦ ዕድሜው ሲገፋ ፍሬን ሲያዝ በትንሹ ያብጣል። በሽቦ የተሸመነው ቱቦ አያብጥም፤ ማንሻው ከጣታችሁ ሥር ጠንካራ ሆኖ ይሰማችኋል። እኔ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ለገንዘቡ ይህን ያህል የከፈለኝ የለም።

ታንከሩንና ፕላስቲኮቹን በፎጣ ሸፍኑ፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ከቱቦው በላይና በታች አዲስ የመዳብ ሮንዴላ አስገቡ፤ አሮጌውን መልሳችሁ አትጠቀሙ። ዘይቱ ክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ይሁን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዶት 4። ዶት 5 ስሙ ቢመሳሰልም ሲሊኮን ነው፣ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ ይስባል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ሲይዝ ግን ይህ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ የሚባለው ለዚህ ነው። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስም አትጠቀሙ።

ትዕግሥት የሚፈልገው አየር ማስወጣቱ ነው። ቀጭን መስታወት የመሰለ ቱቦ ከካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን ከሚጨብጠው ዕቃ) የአየር ማስወጫ ቪስ ላይ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ትንሽ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ክተቱት። ማንሻውን ያዙ፣ የአየር ማስወጫ ቪሱን በሩብ ዙር ክፈቱ፣ ዝጉ፣ ከዚያ ማንሻውን ልቀቁ። ሳትዘጉ ከለቀቃችሁ አየሩ ተመልሶ ይገባል። መጀመሪያ ትልልቅ አረፋ ይመጣል። ቀጥሎ እንደ ሰሊጥ የደቀቀ። ከዚያ ምንም አይመጣም፣ ማንሻው ግን አሁንም ስፖንጅ ይመስላል። እዚህ ጋ ነው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። ቱቦውን ከታች ወደ ላይ በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት፤ አየሩ ወደ ላይ መውጣት ስለሚወድ ከዘይቱ ዕቃ ውስጥ ብቅ ሲል ታያላችሁ። ማታ ማንሻውን ከመያዣው ጋር አስራችሁ እደሩ። ጠዋት ስትፈቱት ብዙ ጊዜ ጠንክሮ ታገኙታላችሁ። በሥራው ሁሉ የዘይቱ ዕቃ ባዶ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ አንዴ ከደረቀ እንደገና ከሀ ነው። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ያለው ሞተር ከሆነ አየሩ ፓምፑ ውስጥ ሊደበቅ ስለሚችል የመጨረሻውን ባለሙያ ቢያየው ይሻላል።

የካቴናውን ጥርስ መቀየር ምን ለውጥ ያመጣል?

ለአር6 ብዙ ለውጥ ያመጣል። ከፋብሪካ ሲወጣ ፊት 16 ጥርስ፣ ኋላ 45 ጥርስ አለው። የፊቱን 15 ብታደርጉት በአንድ ፍጥነት ላይ የኢንጂኑ ዙር ወደ 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ 6,000 ይዞር የነበረው 6,400 ይሆናል። ከመብራት ስትነሱ ይቀላችኋል፣ ከተማ ውስጥም ጋዙ ሲነካ ቶሎ ይሰማል። በምትኩ ሀይዌይ ላይ ይጮኻል፣ ነዳጅም ትንሽ ይጨምራል። ፊቱን 16 ትታችሁ ኋላውን 48 ብታደርጉትም ውጤቱ ያው ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ካቴናው በትንሽ ጥርስ ላይ በጠበበ ቁጥር ቶሎ ያልቃል። ረዘም ያለ ካቴና ግን ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።

ጥርሶቹንና ካቴናውን አንድ ላይ ቀይሩ። የፊቱን ዳዶ ደግሞ ካቴናው ሳይወልቅ በፊት አላሉት፤ ሰው የኋላ ፍሬን ይዞላችሁ ካልሆነ ዳዶው ከነጥርሱ ይሽከረከራል። ከዳዶው ሥር ያለው ሮንዴላ ጫፉ የታጠፈ ነው፣ መጀመሪያ አቃኑት፤ ሲገጠምም አዲስ አስገቡና እጠፉት። የካቴናው ማገናኛም በመሣሪያ ተቀጥቅጦ የሚዘጋው ይሁን እንጂ በክሊፕ የሚያዘው አይሁን።

ፍጥነትን ከካምቢዮው በኩል የሚለኩ ሞተሮች ላይ ከዚህ በኋላ የፍጥነት ሰዓቱ ከእውነተኛው ፍጥነት አብዝቶ ያሳያል። በ60 ስትሄዱ 64 ይላችኋል። የሚያስተካክል ትንሽ ዕቃ ይሸጣል።

አሞርዛተሩን ለክብደቴ ማስተካከል ይቻላል? ባለሙያ አይፈልግም?

መሠረታዊውን ቤት ውስጥ ትሠሩታላችሁ፣ ገንዘብም አያስወጣም። የሚያስፈልገው ሜትርና ሁለት ሰው ነው። እኛ ቤት እሑድ ከቡና በኋላ ነው የምንሠራው፤ ሰው ስለማይጠፋ። መጀመሪያ የኋላው ጎማ ከመሬት ተነስቶ ሳለ ከጎማው መሐል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ጭራው ላይ እስከለጠፋችሁት ምልክት ድረስ ለኩ። ከዚያ የምትነዱበትን ልብስ፣ ሄልሜቱንም ጨምሮ ልበሱ፤ ተቀመጡ፣ እግራችሁን መርገጫው ላይ አድርጉ። አንዱ ሞተሩን ይደግፍ፣ ሌላው ይለካ። የመጀመሪያው 600 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 567 ከሆነ ሞተሩ 33 ሚሊ ሜትር ወርዷል ማለት ነው። ለስፖርት ሞተር ከ30 እስከ 35 ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ ሞላውን ጠበቅ አድርጉት፣ ካነሰ አላሉት። ፊቱንም እንዲሁ። የሚለካው ሰው ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ ሁለት ሰው ሁለት ቁጥር ያመጣል።

ማጥበቂያው እስከ መጨረሻ ሄዶም አሁንም ከ35 በላይ የሚወርድ ከሆነ ሞላው ለእናንተ ለስላሳ ነው። እኔ ከነልብሴ 95 ኪሎ ነኝ፣ የፊቱን ሞላ መቀየር ግድ ሆኖብኛል። ከኢንጂን ማሻሻያ ሁሉ በላይ አነዳዴን የለወጠው እሱ ነው። ፍሬን ስይዝ ፊቱ እንደ ድሮው ዝቅ አይልም፣ ኩርባ ውስጥ ጉድጓድ ሳገኝ መሪው ከእጄ አይሸሽም። ፎርኩን መፍታት ከፈራችሁ አውጥታችሁ ብቻ ለባለሙያ አድርሱት፤ ግማሹ የእጅ ዋጋ ይቀራል።

የሞላውን መመላለስ የሚያዘገዩትን የአሞርዛተሩን ማስተካከያ ቪሶች ከመንካታችሁ በፊት ወደ ውስጥ እስኪቆም ድረስ ስንት ጠቅታ እንዳለው ቁጠሩና ጻፉት። ያለዚያ መመለሻ የላችሁም።

ኦንላይን ላይ ያለውን ርካሽ ዕቃ ልግዛ?

ለመስታወት፣ ለታርጋ መያዣ፣ ለፍሬቻ ግዙ። ስትወድቁ የሚይዛችሁ ወይም የሚያቆማችሁ ነገር ከሆነ አትግዙ። የፍሬን ማንሻ፣ የእግር መርገጫ፣ መሪ፣ የፍሬን ሸራ ከታወቀ አምራች ይሁን። ያገለገለ የፋብሪካ ዕቃ ከአዲስ ስም የለሽ ዕቃ ይበልጣል።

ብሎን ቢሰበርብኝ ወይም ጥርሱ ቢገፈፍስ?

አቁሙ። እዚያው ሰዓት በንዴት የሚሠራ ሥራ አንዱን ጥፋት ሦስት ያደርገዋል። ዘልቆ የሚያላላ ዘይት ረጭታችሁ እደሩ። በማግስቱ አካባቢውን በሙቅ አየር ማሞቂያ አሙቁ፤ ቤንዚን አጠገብ ካለ ግን አይሆንም። ጥርሱ የተገፈፈውን ቀዳዳ በመጠኑ አስፍቶ አዲስ የብረት ጥርስ የሚያስገባ ኪት አለ፣ በደንብ ከተሠራ ከድሮው አሉሚኒየም ይጠነክራል። የፍሬን ካሊፐር መያዣ ወይም የኢንጂን አካል ላይ ከሆነ ግን ለባለሙያ ስጡ።

ኢንስፔክሽንና ኢንሹራንስ ላይ ችግር ይፈጥርብኛል?

እንደ አገሩ ነው። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ሞተር ሳይክልንም ትመረምራለች፤ ፍሬቻ፣ መብራት፣ ማርሚታ ይታያል። ሜሪላንድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ምርመራ የሚጠየቀው ባለቤትነት ሲዛወር ነው። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ጥብቅ ናችሁ፤ ፈቃድ የሌለው ወይም ያልተመዘገበ ዕቃ መግጠም የሞተሩን የመንገድ ፈቃድ ሊያሳጣ ይችላል፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከዕቃው ጋር የፈቃድ ወረቀት መኖሩን ጠይቁ።

ኢንሹራንሱ ላይ የቀየራችሁትን ዕቃ ተናገሩ፣ ደረሰኙንም ያዙ። ያልተናገራችሁት ዕቃ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ላይከፈላችሁ ይችላል። የፋብሪካውን ዕቃ ሁሉ አታስወግዱ፤ ሞተሩን የምትሸጡ ቀን ገዥው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ጸደይ ሲገባ ከመውጣቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ሥራ ስትሠሩ ያጠበቃችሁትን እያንዳንዱን ብሎን በነጭ ቀለም ከራሱ እስከ ተቀመጠበት ብረት ድረስ አንድ መስመር አስምሩበት። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው፤ በአንድ እይታ ይታወቃል። ያልተሰመረበት ብሎን ካገኛችሁ ደግሞ ማጥበቁን ረስታችሁታል። እኔ አንድ ዓመት የካሊፐር ብሎን ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው፤ በጣት ብቻ ነበር የገባው። ከዚያ ወዲህ መስመሩን ሳላይ አልወጣም።

የጎማውን ዕድሜ እዩ። ጎኑ ላይ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 3522 ማለት በ2022 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። ጎማው ቆሞ ሳለ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ፤ አዲሱ የፍሬን ቱቦ የሚጎተት ወይም የሚታጠፍበት ቦታ መኖር የለበትም። ከመነሳታችሁ በፊት ማንሻውን ደጋግማችሁ ጫኑ፤ ካሊፐሩ ተፈቶ ከነበረ የመጀመሪያው ጭነት ባዶ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አጭር ይሁን። ፋሲካ አካባቢ አየሩ ቢሞቅም አስፋልቱ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፣ ኩርባዎቹ ላይም የበረዶው ጊዜ አሸዋ አለ። አዲስ ጎማ የመጀመሪያዎቹን 100 ማይል ለስለስ ተደርጎ ይነዳል፣ አዲስ የፍሬን ሸራም ቀስ በቀስ እየተያዘ ይለማመዳል። ከ20 ማይል በኋላ ቤት ተመለሱ። ሞተሩ ሥር ነጭ ካርቶን አንጥፉና ሻይ ጠጥታችሁ ኑ። ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካለ ከየት እንደመጣ ፈልጉ፤ ከሌለ የካቴናውን ልልነት ለኩና ነጫጭ መስመሮቹን አንድ በአንድ እዩ።